የአባባ ቱቦ እና የእማዬ ማሰሻ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ጠራኝ። ጮክ ብሎ አይደለም። አባባ ጮክ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ግድግዳውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ። ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ላብ አጥምቆታል።

«እስቲ ከረጢቱን እዪው» አለኝ።

አየሁት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደደፋሁት ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ቤታችሁ የሽንት ቱቦ የገባለት ሰው ካለ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለሌላው ልንገር። ፊኛ ሞልቶ መውጫ ሲያጣ፣ ሕመሙ ትልቅ ሰው ያስለቅሳል። አባባ ግን አላለቀሰም። ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ከአራት ኪሎ ስንወጣ መንገዱ በኮሪደሩ መብራት ቀን መስሏል፤ ሰው ግን የለም። አባባ ከኋላ ወንበር ላይ እንደታጠፈ የሾፌሩን አነዳድ ይተቻል። «ማርሹን አትጎትተው ልጄ፣ ራሱ ይገባልሃል» ይላል። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው እየሞተም ቢሆን ዝም አይልም።

ተረኛዋ ሲስተር በሲሪንጅ ከቱቦው ጫፍ ያለችውን፣ ፊኛ ውስጥ ይዛ የምታቆመውን ትንሽ ባሉን አስተንፍሳ ቱቦውን ሳበችው። ከዚያ ጠየቀችን። «መቼ ነው የገባለት?»

እኔና አባባ ተያየን።

«ከጾሙ በፊት» አለ አባባ።

የትኛው ጾም እንደሆነ አልተናገረም። ያስገቡለት ቦታም ቀን የተጻፈበት ወረቀት አልሰጡንም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ጥፋቱን ለሌላ ሰው ብቻ ማሸከም አልችልም። የፕሮስቴት ቀዶ ጥገናው ወረፋ እስኪደርሰው በሚል የገባ ቱቦ ነው። ወረፋው ረዘመ፤ ቱቦው ተረሳ።

አዲሱ ሲገባለት ከረጢቱ ዓይናችን እያየ ተሞላ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» አለ። እኔ ደግሞ አሮጌውን ቱቦ ስጪኝ አልኳት። ሲስተር ሌሊቱን ሙሉ የቆመች ናት። አንዴ አየችኝ፤ ለመከራከርም አቅም አልነበራት። በጓንት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ስንደርስ ከቅድስት ሥላሴ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የሽንት ቱቦ ይዛ ቤቷ የገባች እብድ ነው የምመስላችሁ። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ አንድ ነገር ሌላ ነገር ላይ እንዴት ይይዛል? ቀለም ከግድግዳ ሲላጥ የሚደወለው ለእኔ ነው። የአባባ ቱቦ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ምንም እንዳይይዝበት ተብሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ሁሉም ነገር ይዞበታል።

አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በረኪና አልተጠቀምኩም፤ በረኪና ማየት የምፈልገውን ነገር ያጥብብኛል። በማግስቱ ጓንቴን አጥልቄ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት።

ጫፉ ላይ፣ ሽንት የሚገባባት ቀዳዳ አጠገብ፣ ነጣ ያለ ቢጫ ቅርፊት ሞልቷል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ይመስላል። የተዘጋው እዚያ ነው። ይኼን ጠብቄው ነበር። የገረመኝ ከዚያ በታች ያለው ነው። ቀሪው ቱቦ ንጹሕ ይመስላል። ለዓይን ምንም የለበትም።

እዚያ ላይ የውሃ ጠብታ ጣል አደረግኩ። ይኼ በሥራ ቦታ በየቀኑ የማደርገው ነው። ያልተከፈተ፣ ያው ዓይነት ቱቦ ገዝቼ ስለነበር እሱም ላይ ሌላ ጠብታ ጣልኩ። አዲሱ ላይ ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ቆመች። ላቴክሱ በሲሊኮን የተቀባ ነው፤ ውሃ አይወድም። አሮጌው ላይ፣ ያ ንጹሕ የመሰለኝ ቦታ ላይ፣ ጠብታዋ ተዘርግታ ተኛች።

በእኛ ቋንቋ ይኼ አንድ ነገር ነው የሚናገረው። ቱቦው ተቀብቷል። የአባባ ሰውነት ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን፣ መቶታል።

ፕራይመሩ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስንል ሥጋና ምስር ነው ትዝ የሚለን። ቅርቡን ስታዩት ግን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ተጣጥፎ ተጠቅልሎ የተቀመጠ። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃ የሚጠሉትን ክፍሎቹን ወደ ውስጥ ይደብቃል፤ ውሃ የሚወዱትን ወደ ውጭ ያደርጋል። ገበሩ የተቀደደ ኮት የለበሰ ሰው በሉት፤ ከውጭ ሲያዩት ዘንጧል። ታዲያ ይኼ ጥቅል ውሃ የማይወድ ነገር ሲያጋጥመው፣ ለምሳሌ ሲሊኮን ወይም ላቴክስ፣ መደበቁ ይቀርና ይፈታል። የደበቀውን ገበር ቱቦው ላይ ለጥፎ ይተኛል። መሀል ላይ ተጨንቆ የቆመው ውሃም ነጻ ይወጣል። አጣባቂው ኃይል በዋናነት ይኼ የውሃው መገላገል ነው፤ ሙጫ የለም። የእንቁላል ነጭ መጥበሻ ላይ ሲነጣና ሲይዝም እንዲሁ ጥቅሉ ተፈቶ ነው። እዚያ የሚፈታው እሳት ነው፤ እዚህ ግን ገጹ ብቻውን ይበቃል።

ይኼ ሁሉ የሚሆነው ቱቦው በገባ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ገና ሳይደርስ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ካላነሳሁ አያስችለኝም። ሊዮ ቭሮማን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ኔዘርላንድ ውስጥ የተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓኖች እስረኛ ነበር። በኋላ አሜሪካ ገብቶ የደም ተመራማሪ ሆነ፤ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በገጣሚነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር አለ። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መጀመሪያ የሚለጠፉት ፕሮቲኖች እዚያው አይቆዩም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ቀድመው ወንበር የሚይዙት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ብዙ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው። ቆይተው ትልልቆቹ ሲመጡ ልጆቹ ይነሳሉ። በደም ውስጥ ልጆቹ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ናቸው። በኋላ መጥተው ከሚያስነሷቸው አንዱ ፋይብሪኖጅን ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው። ዛሬ ይኼ ነገር በቭሮማን ስም ይጠራል።

ፋይብሪኖጅን የደም ነገር ነው፤ ሽንት ውስጥ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ለካ ቱቦው ራሱ ነው የሚጠራው። ቱቦው የፊኛውን ግድግዳ ይፍቃል፣ ያቆስላል። ቁስል ባለበት ፋይብሪኖጅን ይመጣል፤ መጥቶም ቱቦው ላይ ይለጠፋል። አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ኢንቴሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ቱቦውን አይደለም የሚይዘው፤ ፋይብሪኖጅኑን ነው። ለዚሁ ብሎ የተሠራ መጨበጫ አለው። ፕራይመር ከሌለ ሁለተኛው ቀለም አይይዝም ማለት ነው።

የአባባ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ ፕሮቲየስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር ያለበት። ይኼኛው ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ እየሰበረ አሞኒያ ያደርገዋል። ሽንቱ አሲድነቱ ይጠፋል። ያኔ ሟሙተው የነበሩት ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፎስፌት ድንጋይ ሆነው ይቀመጣሉ። ያ ቅርፊት እሱ ነው። ሦስተኛው ቀለም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። እኛ ቤት፣ በእኛ ሰፈርም፣ የሽንት ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚመዘዘው ሲፕሮ የሚባለው ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ነው። እንደ ከረሜላ። ሐኪም ያዘዘውን አትውሰዱ አላልኩም፤ ኢንፌክሽን ካለ ካለ ነው። ግን ቱቦው እዚያው ተሰክቶ፣ ፕራይመሩ እዚያው ሆኖ፣ ጎረቤት በሰጠው ፍሬ ባክቴሪያ ማባረር የላይኛውን ቀለም ብቻ መፋቅ ነው። በሳምንቱ ሌላው ይመጣል።

ታዲያ ፕራይመሩን እንዴት ነው የምንከለክለው? የመጀመሪያ ሐሳቤ የሁሉም ሰው ሐሳብ ነበር፤ የሚያንሸራትት ነገር መቀባት። ቴፍሎን። በቴፍሎን የተቀባ ቱቦ እውነትም አለ፤ ከተራው ላቴክስ ይሻላልም። ፕሮቲንን ግን አያቆምም። ቴፍሎንም ውሃ ጠል ነው፤ ውሃ ጠል ገጽ ደግሞ ፕሮቲን ገበሩን ፈትቶ የሚተኛበት አልጋ ነው።

መልሱ በተቃራኒው ነው የተገኘው። ገጹ ውሃን እስኪበቃው ይውደድ። ውሃውን አጥብቆ ይዞ አልለቅም ካለ፣ ፕሮቲኑ ሲመጣ የሚያገኘው ውሃ ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ቤቱ ነው፤ የሚፈታበት ምክንያት የለውም። ነክቶ ያልፋል።

ውሃ መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ኦቶ ቪክተርለ የሚባለው የቼኮዝሎቫኪያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን፣ ቤቱ ውስጥ፣ በልጆች መጫወቻ መገጣጠሚያና በብስክሌት ዲናሞ ማሽን ሠርቶ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ የዓይን ሌንሶች አወጣ። (ባሎቻችን የልጅ መጫወቻ ሲነኩ መቆጣት ትተን እናስብበት።) ያ ጄል ወደ 38 በመቶ ውሃ ነው። ያም ሆኖ የለስላሳ ሌንስ ተጠቃሚዎች የእንባ ፕሮቲን እየተለጠፈባቸው ስንት ዘመን ሲያጥቡ፣ ሲያሹ ኖሩ። ቁም ነገሩ ምን ያህል ውሃ አለው አይደለም። ምን ያህል አጥብቆ ይዞታል ነው።

አጥብቆ የሚይዘውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የራሳችን ሕዋስ የውጭ ቆዳ ላይ አለ። በአንዲት ሞለኪውል ላይ ፕላስም ማይነስም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠቅላላ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ግን ሁለቱም ውሃን ወደየራሳቸው ይስባሉ። ጃፓናዊው ካዙሂኮ ኢሺሃራ ይኼን ከሕዋስ ቀድቶ ፕላስቲክ አደረገው፤ ዛሬ የዓይን ሌንስ ውስጥም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሻኦዪ ጂያንግ ቡድን በዚሁ ሐሳብ የሠራውን ጄል አይጦች ቆዳ ሥር ቀበረው። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት በጠባሳ ሸፍኖ እስር ቤት ይሠራለታል። ለዚህ ጄል ግን ቢያንስ ለሦስት ወር ያ ጠባሳ አልተሠራም። ሰውነት ባዕድ መሆኑን ያወቀ አይመስልም።

ይኼን ሳነብ በጣም ተደሰትኩ። ከዚያ የቀለም ሠራተኛነቴ መጣብኝ። ጥሩ፣ ግን ይኼን ሲሊኮን ላይ ማን ይለጥፈዋል? ሲሊኮን የእኛ ጠላት ነው። መኪና የሚቀቡ ልጆችን ጠይቁ። ቆርቆሮው ላይ የሲሊኮን ፖሊሽ ርዝራዥ ካለ ቀለሙ ዓይን ዓይን እያወጣ ይሸሻል። የምንፈልገው ነገር አይይዝበትም፤ የማንፈልገው ፕሮቲን ግን ይይዝበታል። እንዲህ ያለ ግትር ነገር ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናኖሜትሮች (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ውፍረት ያለው ሽፋን አጣብቆ፣ ለሳምንታት ሽንት ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ቀልድ አይደለም።

የሚቀጥለውን ሐሳብ ያገኘሁት ኩሽና ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ትጋግራለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ ስለ ቱቦው አወራለሁ። እያዳመጠችኝ አልነበረም። ማሰሻውን አነሳች፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር ነካ ነካ አደረገችበት፣ ምጣዱን ዞር ዞር አድርጋ አሰሰችው። ሊጡን አዞረች፣ ከደነች። ትንሽ ቆይታ ስትከፍት ጠርዙ ተነስቷል። ሰፌዱን ስታስገባ እንጀራው ራሱ ሄደ።

በዕድሜዬ ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሸክላ ምጣድ ባዳ ነው፤ አዲስ ሲገዛ ሳይሟሽ ከተጋገረበት ይይዛል። የጎመን ዘሩ ዘይት ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል። ላይ ላዩ ላይ ደግሞ ስስ ሆኖ ይቀራል። ሊጡ የሚነካው ሸክላውን አይደለም፤ ዘይቱን ነው። ዘይት ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ላይ ምን ይጨበጣል?

ይኼው ነገር ለሽንት ቱቦ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርቫርድ ውስጥ የጆአና አይዘንበርግ ቡድን ነፍሳት አንሸራትቶ ከሚበላ ተክል ተምሮ ዘይት የጠጣ ገጽ ሠርቶ ነበር። ቀጥለው ሌሎች ሐሳቡን ለቱቦ ወሰዱት። ተራ የሲሊኮን ቱቦ ሲሊኮን ዘይት ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲሊኮኑ ይጠጣል፣ ያብጣል፤ ላዩ ላይ ስስ ዘይት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይኼን ቱቦ አይጦች ላይ ሞከሩት። ፋይብሪኖጅኑ ቀነሰ። ባክቴሪያውም ቀነሰ፤ አንድ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተለያዩት። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ግን የለበትም። ፕራይመሩን ብቻ ነው የከለከሉት።

ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ ስንት ጊዜ ያስሱታል?» አለችኝ።

ጥያቄ ማለት ይኼ ነው። ምጣድ በእያንዳንዱ እንጀራ መሀል ይታሰሳል። ፊኛ ውስጥ ያለ ቱቦ አይታሰስም። የጠጣው ዘይት ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ሲያልቅ ያው ሲሊኮን ነው። ዘይቱ ደግሞ የት ሄደ? አይጥ ላይ ከሠራ ነገር እስከ አባባ አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው። እዚህ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው አይደለም።

ያለውን መግዛት ነው። ፒያሳ ወጥቼ መድኃኒት ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ሲሊኮን አላችሁ? «አለ» ይሉኛል። አንደኛው ጋ ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ማሸጊያውን ሳነብ በሲሊኮን የተቀባ ላቴክስ ነው፤ አሮጌው የአባባ ዓይነት። ተመለስኩ። ልጁ «ያው ነው እኮ እህቴ» አለኝ። ያው አይደለም። ሙሉ ሲሊኮኑ ነጣ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል፤ ላቴክሱ ቢጫና ድፍን ነው። የቱቦ መጠን በቁጥር ነው፤ ቁጥር 16 ማለት የውጭው ስፋት ወደ 5.3 ሚሊሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የሚሊሜትር ሢሶ ነውና። በአንድ ቁጥር ግን የሲሊኮኑ ግድግዳ ስለሚሳሳ የውስጡ ቀዳዳ ይሰፋል። እስከ 12 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ቶሎ ለሚዘጋበት ሰው ግን ከዚያ በፊት ይቀየራል። ፕሮቲኑ እሱም ላይ ይለጠፋል። የገዛሁት ሰፊ ቀዳዳና ጊዜ ነው፤ ሌላ አይደለም። የገባበትን ቀን ከረጢቱ ላይ በፕላስተር፣ ግድግዳው ካሌንደር ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ።

ትልቁ ጦርነት ግን ከውሃ ጋር ነበር። አባባ ውሃ አይጠጣም። አውቶቡስ በነዳባቸው ሠላሳ ዓመታት የለመደው ነው። «ሙሉ ሰው አቁሜ ሽንት ቤት ልሂድ?» ይለኛል፤ አሁንም መሪ የያዘ ይመስል። ጠዋት አንድ ሲኒ ቡና፣ ምሳ ላይ ግማሽ ብርጭቆ፣ አለቀ። ቱቦው ከገባ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ከረጢቱ ሞልቶ እንግዳ እንዳያየው ይፈራል። የወፈረ ሽንት ደግሞ ለድንጋይ የተመቸ ነው።

የከረጢቱን ችግር እማዬ ፈታችው። ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለቱን ቆርጣ መሸፈኛ ሰፋችለት። አሁን የጸሎት መጽሐፍ የያዘ ማኅደር ነው የሚመስለው። ውሃው ላይ ደግሞ ሎሚ ገባ። ብሪታንያ፣ ዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ፈሳሽ፣ በተለይም ሎሚ የተጨመቀበት፣ ቱቦው የሚዘጋበትን ጊዜ እንደሚያራዝም አሳይተዋል። ውሃው ሽንቱን ያቀጥነዋል፤ የሎሚው ሲትሬት ደግሞ ድንጋዩ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ሐኪሙን ጠየቅነው፤ ልቡም ኩላሊቱም ይችላል አለን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሳይጠይቅ እንዳይሞክረው።

ባለፈው ሳምንት አሥረኛው ሳምንት ሞላ። ቀን ላይ፣ በቀጠሮ፣ እየተሳሳቅን ሄድን። ያችው ሲስተር ነበረች። ቱቦውን ስባ አየችው፤ ቀዳዳው ክፍት ነው። ሳልጠይቃት በጓንት ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ደግሞ ልትቆርጪው ነው?» አለ አባባ።

ቆረጥኩት። ቅርፊት የለም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሻካራ ነገር ብቻ ይነካል። ከዚያ ንጹሑ ቦታ ላይ የውሃ ጠብታዬን ጣልኩ። ወዲያው ተዘርግታ ተኛች።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ድንጋዩ ቀርቷል፣ ፕራይመሩ ግን እንዳለ ነው አልኩት።

ብርጭቆውን አየት አደረገ። «ታዲያ ውሃውን ልቀንስ?»

«ጠጣ!» አለች እማዬ ከኩሽና።